ቀማሽ የጠፋበት በር

ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ እኔ ከልጆቻቸው ታናናሾች ጋር አንደኛ ክፍል እቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ካየሁ ሳልጨርስ ማለፍ አይሆንልኝም። ወንድሜ የታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም ቆሜ ጨረስሁት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። የታሰረ ሰው ክብሩ እንደሚጠበቅ፣ ዘመድ ወዳጅ፣ የነፍስ አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጠይቁት እንደሚችሉ ይዘረዝራል። ማን እንደሚያበላው ግን አይልም። ጸሐፊው እዚያ ሲደርስ ቀለም አልቆበት ይሆናል።

የሚያበላው ቤተሰብ መሆኑን አገር ያውቃል። ወንድሜ በግጦሽ ወሰን ከጎረቤት ጋር በዱላ ተሟግቶ ከገባ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ እስከዚያ የቀመሰው ነገር ቢኖር አብረውት የታሰሩት ያካፈሉት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ቀየት ከሚባለው ቦታ ማዶ ካለው መንደራችን አገልግሏን ይዛ ከተፍ አለች። የገብስ እንጀራ፣ ሽሮና ስልጆ። ሁዳዴ ነበር።

መጠየቂያው ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው። ተረኛው ፖሊስ፣ ማተቡ ከአንገትጌው ብቅ ያለ ትሑት ሰው፣ አገልግሉን ከፍቶ አየና እናቴ እንድትቀምስ ጠየቃት። ምግብ ያመጣ ሰው ክፉ ነገር አለመጨመሩን ለማሳየት ራሱ ቀምሶ ነው የሚያስገባው።

«በሁዳዴ? ገና በሦስት ሰዓት?» አለች። የእናቴ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ አያውቅም።

ፖሊሱ አፈረ። እርሱም እስከ ዘጠኝ እንደሚጾም ነገረን፤ ቢሆንም ካልተቀመሰ አያልፍም። እኔ ልቅመስ ብዬ እጄን ስሰድ እናቴ ያዘችኝ። ጾም የተገደፈበት እህል ልጇ አፍ እንደማይገባ፣ ልጇም ቢሆን የሚበላው በዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ አስታወቀች። ማተቤን ይዤ ልማልልህ አለችው። መሐላ አይቀመስም አላት።

ዝም ማለት ልማዴ ነው፤ የጽሑፍ ነገር ሲመጣ ግን አልችልም። ይህ የመቅመስ ደንብ የት እንደተጻፈ ጠየቅሁት።

«አልተጻፈም፣ እህቴ» አለኝ ሳይቆጣ። «የተጻፈውማ እዚያ ግድግዳው ላይ አለ።»

ከዚያ የበለጠ የሕግ ትምህርት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከኋላችን አንድ ነጋዴ የምሳ ዕቃ ይዞ ቆሟል። ከቆላ መጥቶ በከተማው ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ነው፤ ታናሽ ወንድሙ በአንድ አምባጓሮ ተይዞበታል። እናቴ ሁዳዴ የማይመለከተው ሰው በማግኘቷ ፊቷ በራ። እስቲ አንተ ቅመስልኝ አለችው። ነጋዴው ፈገግ ብሎ ራሱን ወዘወዘ። ረመዳን ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ነበር። እንዲህ ሆኖ በዚያ በር ላይ ፈጣሪውን የሚፈራ ሳይሆን እንጀራ የሚቀምስ ታጣ።

መጠየቁ ግን አልተከለከለም። ገብተን ከአጥሩ ወዲህ ቆመን ወንድሜን አየነው። ከንፈሩ ደርቋል። በትከሻችን ላይ አሻግሮ በሩ ሥር የቀረውን አገልግል እያየ፣ ምን እንዳለበት ብቻ ጠየቀን። ነገርነው። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ሁሉ ተፈጸመለት።

ስንወጣ ፖሊሱ አለቃውን ጠይቆ ጠበቀን። በዘጠኝ ሰዓት ተመልሰን፣ ቀምሰን ማስገባት እንችላለን፤ ማየት ግን አይቻልም፣ የመጠየቂያው ሰዓት አልፏልና። ጠዋት ለዓይን፣ ከሰዓት ለሆድ ማለት ነው አለች እናቴ።

በዘጠኝ ሰዓት እናቴ አማተበች፤ አንዲት ጉርሻ ቆርሳ በላች፤ አገልግሉ ገባ። ቀጥሎ እንደ እኛው ተመልሶ የመጣው የነጋዴው ተራ ደረሰ። የእርሱ ጾም የሚፈታው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ በሩ ግን ከዚያ በፊት ይዘጋል። ሌላ ሰው ይቅመስለት ብንል ፖሊሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ መቅመስ ያለበት ያመጣው ሰው ነው አለ።

እናቴ የምሳ ዕቃውን ከነጋዴው እጅ ወሰደች። ወደ መንገዱ ወረድ አለችና ዞራ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ይኸው፣ አመጣሁ» አለች።

ፖሊሱ ግድግዳውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። ይህን የሚከለክል ነገር እንዳልተጻፈ አረጋገጥሁለት። ክዳኑን ከፈተ፤ ምስር ወጥ ነው። እናቴ በዕድሜዋ ሙስሊም ቤት የተሠራ እህል ቀምሳ አታውቅም፤ እኛንም ያሳደገችን እንደዚያው ነው። ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ ፖሊሱን ትክ ብላ እያየች አላምጣ ዋጠች። የምሳ ዕቃው ገባ።

ነጋዴው ጎንበስ ብሎ አመሰገናት።

«ባለቤትህ ሳትቀምስ ነው የሠራችው» አለችው፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ጨው አንሶታል።»