አብላ እና የቡና ገለባ

ከቡታጅራ የወጣሁት ሱብሂ እንደተሰገደ ነው። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ሻንጣዬ ጥግ አንድ ብልቃጥ ቅባት ወሸቀችልኝ።

«ብርድ ነው አሉ፤ ፊትሽን ተቀቢ። አሠራሩን ግን ለማንም እንዳትነግሪ።»

ቅባቱ ከቡና ገለባ የተሠራ ነው። አዎ፣ የሰፈራችን ቡና መፈልፈያ ቤት በጓሮ ከምሮ ከሚያቃጥለው ገለባ። ዘይነባ እዚያ ስትሠራ እጇ ለምን እንደለሰለሰ ስታሰላስል ከርማ፣ ገለባውን ሳታፈላ በቀዝቃዛ ውኃ ሦስት ቀን ዘፈዘፈችው፤ አጥልላም ከሰምና ከኑግ ዘይት ጋር አዋሃደችው። ሰፈሩ «ገለባ ተቀቢዎች» ብሎ ሳቀብን። አንዴ የተቀባ ሁሉ ግን ተመልሶ ይመጣ ነበር።

ፈቃድ ለማውጣት ወልቂጤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠና፣ «ገለባ እኛ ጋ ያለው በከብት መኖ ሥር ነው» አለን።

«ጌታዬ፣ የምንሠራው የፊት ቅባት ነው» አለችው ዘይነባ።

«ታዲያ ላሟ ትቀባው?» ብሎ ቢሮውን በሳቅ ሞላው።

አራት ጊዜ ተመላለስን። እኔ መረረኝና «ሄጄ መፍጫ ማሽን እልክልሻለሁ» ብያት ተሰደድኩ።

እንግዲህ ኢስታንቡል። ዳቧቸው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ቆጮ ለለመደ መንጋጋ ግን ሥራ መፍታት ነው። አከራዬ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስታችንን አጉሮናል። መስኮቱ አልዘጋ አለ ብዬ ብነግረው፣ «አየሩን መቼ አስከፈልኩሽ?» አለኝ።

ሥራ ያገኘሁት የፊት ክሬም ፋብሪካ ወለል መጥረግ ነው። እዚያ አገር ሴት አለቃን «አብላ» ይሏታል፤ ታላቅ እህት ማለት ነው። ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ «መግብ» ማለት ነውና፣ እኔና የአገሬ ልጆች በሳቅ እንሞት ነበር።

በክረምቱ የሁሉም ፊት ሲሰነጠቅ የእኔ ደህና ነበር። አለቃዬ አብላ ጠርታኝ ሻይ ቀዳችልኝ፤ በዚያ አገር ከሰው እጅ የተቀበልኩት የመጀመሪያው ሻይ። «ምንድን ነው የምትቀቢው?» አለችኝ። ታላቅ ጠይቆ «አልናገርም» ማለት እኛ ቤት ነውር ነው። በዚያ ላይ እህቴ ብዬ ጠርቻታለሁ። በተሰባበረ ቱርክኛ ሦስቱን ቀን፣ ቀዝቃዛውን ውኃ፣ መፈልፈያ ቤቱን ሳይቀር ነገርኳት።

ዓመት ሳይሞላ ወደ ፋብሪካው ጆንያዎች መጡ። አፋቸው በቃጫ ተሰፍቷል። እንሰት በሌለበት አገር ቃጫ ከየት ይመጣል? መጥረጊያዬን ጥዬ ጆንያውን አሸተትኩት፤ የቡና ገለባ።

«አብላ፣ ይኼ እኮ የእኛ ነው!»

«አዎ፣ ካንቺ አገር ነው። ደስ አላለሽም?» አለችና በጣቷ ወለሉን አሳየችኝ። «የፈሰሰውን ጥረጊው።»

ጠረግሁት። አብላ አልኳት፤ ያበላኋት ግን እኔ ነኝ፣ ያውም የእህቴን ድርሻ። ፍረዱኝ፤ ራሴን ጠላሁት።

ከሥራ እንደወጣሁ ዘይነባ ጋ ደወልኩ።

«ሙኒርዬ! ሥራ አገኘሁ እኮ» አለችኝ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ። «መፈልፈያ ቤቱ ገለባውን ለውጭ ሰዎች ይሸጣል፤ እኔ የጆንያ አፍ እሰፋለሁ።»

«ቅባቱስ?»

«ገለባ ከየት አምጥቼ? እፍኝ እንኳ እንዳትነኩ ተብለናል። እነሱም ለቅባት ነው አሉ። ማን እንደነገራቸው አላህ ይወቀው። የሰጠሁሽ ብልቃጥ አላለቀም አይደል? ቆጥበሽ ተቀቢው፤ ከእንግዲህ ሌላ የለም።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

«ሙኒራ? ትሰሚኛለሽ?»

«ኔትወርኩ ነው» አልኳት።