ሊብሮና ሊብሬ

«የባሌ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ሊብሬ ፍለጋ የመጣሽ፣ አንቺ የሌባ ልጅ ነሽ» አሉኝ የሲሬዋ አዴ ኩሌ፣ የቤታቸውን በር በሁለት ክንዳቸው ዘግተው።

ልጅ እያለሁ የተማርኩ መስሎኝ የሰው ቃል ማረም እወድ ነበር። አባቴ ነቀምት ውስጥ መካኒክ ነው። ሙያውን ከጣሊያን ስለተማረ የመኪና መጠገኛ መጽሐፍን «ሊብሮ» ይላል። እኔ የስድስተኛ ክፍሏ አዋቂ፣ ሰው ሁሉ «ሊብሬ» ሲል ስሰማ አባቴ ቃሉን ያበላሸው መሰለኝ። ሊብሬ የመኪና ባለቤትነት ደብተር መሆኑን ማን ነግሮኝ።

ያን ሰሞን የአንድ ግራዝማች አሮጌ የጣሊያን ጭነት መኪና ካምቢዮ፣ የማርሹን ሳጥን፣ አባቴ ፈትቶ መግጠም አቅቶታል። ሁለቴ ገጠመው፤ ሁለቴም ከውስጧ ሦስት ጥርስ ያላት ቀለበት ተረፈችው። ቤታችን ናፍጣና ግራሶ መሽተቱ ሳያንስ ንዴትም ይሸት ጀመር። «ብረት አይዋሽም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» እያለ ቀለበቷን ሲያገላብጥ ይውላል። ግራዝማቹ መኪናዋ እስከ ቅዳሜ ካልተነሳች መፍቻዎቹን ወርሶ እንደሚያሳስረው በሰው ፊት ነገረው። የዚያች ዓይነት መኪና ሊብሮ የነበረው አንድ የሲሬ ሹፌር ብቻ ነው፤ እሱም በቅርቡ ሞቷል። ሊብሮውን ከሚስቱ ለምኜ እንዳመጣ አባቴ ላከኝ፤ ሐሙስ ጠዋት የሲሬ አውቶቡስ ላይ ተጫንኩ።

«አዴ፣ አባቴ ሊብሬውን ይስጡኝ ብሏል» አልኩ፣ ቃሉን አሳምሬ። የሟች ወንድሞች መኪናውን ሊነጥቋቸው ደጃቸው ሲመላለሱ መክረማቸውን ምን አውቄ። «እነሱ ናቸው የላኩሽ» አሉኝ። መጽሐፍ ነው፣ ሥዕል ያለበት፣ ብል ማን ይስማኝ።

በክንዳቸው ሥር ግን ወደ ውስጥ አየሁ። ሌላው ሰው ግድግዳው ላይ ጋዜጣ እንደሚለጥፍ፣ ሟቹ ሊብሮውን ገጽ በገጽ ለጥፎታል። በሩ አጠገብ ፒስተን፣ ከአልጋው በላይ ፍሬን፣ ከምድጃው በላይ ካምቢዮ። ያቺ ቀለበት በሁለት ጥርሳም ብረቶች መሃል ቁጭ ብላለች።

ሾልኬ ገባሁ። ይኼው፣ ይኼን ነው ያልኩት ብዬ አሳየኋቸው። ደብተሬ ላይ ልገልብጠውና ልሂድልዎ ብዬ ለመንኳቸው።

«ነፋስ እንዳይገባብኝ በእጁ የለጠፈልኝን? ዴሚ! ውጪልኝ!»

ዛሬ መጽሐፍ የሚፈልግ መካኒክ ወደ አዲስ አበባ ጽፎ በፖስታ ያስመጣል፤ እኔም ሁለቱን ቃል አላምታታም። ያኔ ግን ውጭ የነቀምቱ አውቶቡስ ጡሩንባውን ይነፋ ነበር። የዱቄት ሙጫው የድስት እንፋሎት ጠጥቶ ላልቷል። ጥፍሬን ከካምቢዮው ገጽ ሥር አስገብቼ ሳብኩት፤ ከነጭቃው፣ ከነጭዱ ተነሣ።

«አላልኩም? የሌባ ልጅ» አሉ አዴ ኩሌ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ በክንዳቸው ሥር ወጣሁ።