አሥር ሺህ አንድ

ልጅ እያለሁ፣ ቢቸና ስድስተኛ ክፍል፣ የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ 10,001 ጻፉና «ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም» አሉን። ገለበጥነው። መምህር ካሉ አለቀ፣ ማን ይጠይቃል?

የጎረቤታችን ልጅ አለሚቱ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ይነሳት ነበር። ከትምህርት መልስ እኛ ግቢ የተሰጣውን ስንዴ ከዶሮ ስንጠብቅ፣ እሷ መሬቱን በእንጨት እየጫረች ታካፍላለች። በሦስት እምቢ፣ በሰባት እምቢ፣ በአሥራ አንድም እምቢ። ዶሮዎቹ ጠገቡ፤ እናቴ ሁለታችንንም ቆነጠጠችን። የታጠበ ስንዴ ሲሰጣ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። በሦስተኛው ቀን ሰባ ሦስት ላይ ስትደርስ ቀሪው ጠፋ፤ ድርሻው መቶ ሠላሳ ሰባት። «እስቲ አንቺም አባዥው» አለችኝ። አባዛሁት። ልክ ነበር።

በማግስቱ እጇን አውጥታ ተናገረች። «እሷም አባዝታዋለች» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት በሴት ልጅ መታረም ግን ከበዳቸው። «ወጣልሽ?» ሲሉ አፈጠጡብኝ።

«አልወጣልኝም» አልሁ።

ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰሌዳው ላይ አባዝቶ ማየት ቀላል ነበር፣ ማንም አላባዛም። አለሚቱ ደወል እስኪደወል ተንበረከከች። አባቷ ሲሰሙ «ከመምህር የምትሟገት ነገ ባልም አታስቀምጥ» ብለው ከትምህርት ቤት አስቀሯት። በጥር ለሞጣ ሰው ተዳረች። እናቴ የሆነውን ስነግራት «ዝም አይነቅዝም» አለችኝና እኔም ዝም አልሁ።

ዓምና ለለቅሶ ሞጣ ሄጄ አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝ፣ እንባዋም መጣ። ትንሽ እንደተጨዋወትን እንዲህ አለች፦ «ያን ጊዜ ሒሳቡን ተሳስቼ አንቺንም ጉድ ሠራሁሽ። ይቅር በይኝ እቴ።»

«አልወጣልኝም» ማለቴን እውነት አድርጋ ይዛ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተሳስቻለሁ ብላ ነው የኖረችው።

«አልተሳሳትሽም» አልኋት፤ «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ነጠላዋን አፍተለተለች። «መምህሩንስ ፈራሽ እንበል» አለች፤ «ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ዛሬ ልጆቼ በቁጥር ሲከራከሩ ስልክ ነካ አድርገው ይገላገላሉ። ያኔ አለሚቱ የነበራት ምስክር እኔ ብቻ ነበርሁ።