ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ያለችው ክፍል

እኔና ጓደኛዬ የምናስተምረው ማንኩሳ፣ የምንኖረው ግን ፍኖተ ሰላም ነበር። እሷ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ፣ እኔ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ክረምት ሲሆን ባጃጅ እንኳ አልገባም በሚልበት ሰፈር። ጠዋት ጭቃዬን እየጎተትኩ ስደርስ፣ እሷ "ማንኩሳ፣ ቡሬ" የሚለውን የረዳት ጥሪ ከአልጋዋ ሰምታ፣ ተረጋግታ ለብሳ፣ ጫማዋ ሳይቆሽሽ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። "ቦታ ይዤልሻለሁ" ትለኛለች። ይኼ ደግነቷ ነበር ይበልጥ የሚያበግነኝ።

መንገዱስ ይሁን። እኔን የፈጀኝ ኪራዩ ነው። በአራት ዓመት ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። አከራይ ደጃፌ ላይ ቆሞ "ኑሮ እንዴት ነው?" ካለኝ ሊጨምርብኝ መሆኑን አውቃለሁ። የሷ አከራይ፣ ባላቸው ቄስ የነበሩ ባልቴት፣ ከገባች ጀምሮ ሳንቲም አልጨመሩባትም። የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አንስታላቸው አበልጅ ሆነዋል፤ በአበልጅ ላይ ኪራይ መጨመር ደግሞ ነውር ነው። እኔም አስቤው ነበር። የኔ አከራይ ግን ወንደላጤ ነው፤ ምኑን ክርስትና ላንሳለት?

"አንቺስ ታድለሻል" ስላት "ምቀኛ አታሳጣኝ ነው" ትለኛለች እየሳቀች። ምቀኛዋ አጠገቧ ተቀምጣለች።

መስከረም ላይ ሦስተኛው አከራዬም ሲጨምርብኝ ዓይኔ ደም ለበሰ። አንድ ቅዳሜ፣ እሷ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ደምበጫ መሄዷን አረጋግጬ፣ ሙዝ ገዝቼ ባልቴቷ ዘንድ ሄድኩ። ጤናቸውን ጠየቅሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ከዚያ አወጣሁት።

"እትዬ፣ እርስዎን ሳይ አንጀቴን ይበሉኛል። ይቺ ክፍል እኮ እጥፍ ታወጣለች። እሷም ታውቃለች፣ ዝም ብላ ነው። ሌላው ቢቀር እኔ እከፍልዎታለሁ።"

ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሙዙን ውሰጂው ልጄ፣ እኔ ስኳር አለብኝ" አሉኝ። ሙዙን መንገድ ላይ በላሁት።

ወር ተኩል ሳይሞላ ጓደኛዬ ወደ ቡሬ ዝውውር አገኘች። ደብዳቤውን የተቀበለች ዕለት ክንዴን ያዘችኝ።

"እስኪሆን ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ዝውውር ከጠየቅሁ ጀምሮ እትዬን ስለምናቸው ነበር። ቤቷ ያንቺ ናት፣ በኔው ኪራይ። ፍልሰታ ሳትገባ ነው እሺ ያሉኝ።"

ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ነው። እኔ ሙዝ ይዤ የሄድኩት መስከረም።

እምቢ ብላት ምን ብዬ? እየጎተተች ወሰደችኝ። ባልቴቷ በሩ ላይ ቆመው እኔን ብቻ አዩኝ። አሁን ያፈርጡታል ብዬ ከጓደኛዬ ኋላ ሆንኩ።

"የልጄ ባል ሊገባበት ነው" አሉ ወደ እሷ ዞረው። "ቃሌን አጥፌያለሁ፣ ይቅር በይኝ።"

ጓደኛዬ ትልቅ ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ያን ቀን ግን አደረገች። "እትዬ፣ እርስዎም እንደ ሌላው ሆኑ? ይቺ ልጅ ምን በደለችዎ? ጭቃ ለጭቃ ስትንከራተት እያዩ!" ለኔ ብላ አለቀሰች። ባልቴቷ መሬት መሬት እያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ዕቃዋን ጭና ቡሬ ገባች፤ ክርስትና ልጇን ለማየት እንኳ ወደዚያ ግቢ አልተመለሰችም።

ክፍሏ ውስጥ አማች የሚባል አልገባም። ወራት ባዶዋን ተቀመጠች፤ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ስጠብቅ የተዘጋ መስኮቷን አያለሁ። ባልቴቷ የዋሹት ለኔ ገመና አዝነው እንዳልሆነ አውቃለሁ። አበልጃቸው የምትወዳት ጓደኛዋ ምን እንዳደረገች ሰምታ ልቧ እንዳይሰበር ብለው ነው፤ ለዚያ ሲሉ ቃል አባይ መባሉን ዋጡት። እኔን እንዲህ አድርጎ የሚወደኝ አንድ ሰው ቆጥሬ አጣሁ። በዚህም ቀናሁባት።