«ተሽሎት ወጥቷል»

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ባልደረቦቿ «እትዬ ኮድ» ይሏታል። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዶሮ የጫረው የሚመስለውን የሐኪሞች ጽሕፈት እያነበበች፣ ለእያንዳንዱ በሽታና ቀዶ ጥገና መለያ ቁጥሩን፣ ማለትም ኮዱን፣ እየሰጠች ኮምፒውተር ላይ ስትመዘግብ ኖራለች። «የእነሱን ጽሕፈት ከእሷና ከፈጣሪ በቀር የሚያነበው የለም» እያሉ ይቀልዳሉ።

አንድ ቀን ጠዋት የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ መጣ።

«እትዬ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አከርካሪያቸውን የተሠሩትን ሁሉ በኮዳቸው ያውጡልኝ። ስንቱ እንደዳነ፣ የስንቱ ቁስል እንዳመረቀዘ ላጠና ነው።»

አወጣች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ዝርዝሩን ስታይ የታናሽ ወንድሟ ስም ላይ ደረሰች። አናጢ ነበር፤ ከጣሪያ ወድቆ አከርካሪውን ተሠራ። ከሆስፒታል በወጣ ዕለት መዝገቡን የሞላችው ራሷ ናት፦ «ተሽሎት ወጥቷል»። በሳምንቱ «እታለም፣ ጀርባዬን እሳት እሳት ይለኛል» ሲላት፣ «ስፌቱ ሲድን ነው፣ አይዞህ» አለችው። ትኩሳቱ ሲጠናበት ደግሞ «ሁለተኛ ቢላዋ አይነካኝም» ብሎ ሆስፒታል አልመለስም አለ። በሃያኛው ቀን እቤቱ አረፈ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን እስከዛሬ እንደተሻለው ነው።

«ዶክተር፣ ይሄኛው አልተሻለውም» አለች። «ሞቷል። ወንድሜ ነው።»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀዶ ጥገናውን ያደረገው እሱ ነበር። «እኔ'ኮ ድኗል ብዬ...» አለና ዝርዝሩን ወደ ራሱ ሳበ። «ከወጡ በኋላ የሆኑትን መዝገቡ አያውቅም። ስንቱ እንዲህ ሆኖ ይሆን?» አለ።

«ስልካቸው ፋይላቸው ላይ አለ» አለችው።

ሦስት ወር ሙሉ ከምሳ በኋላ ስትደውል ከረመች። «ተመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ» ያሏት ብዙ ናቸው። አንዲት እናት ግን «ዛሬ ነው ልጄ ትዝ ያላችሁ?» ብለው ስልኩን ሳይዘጉ አለቀሱ፤ አብራቸው አለቀሰች። «ተሽሎት ወጥቷል» ከተባሉት አሥራ ዘጠኙ ቁስላቸው አመርቅዞ ሞተዋል። በወንድሟ ፋይል ላይ የነበረው ስልክ የራሷ ነው፤ የእሱን ሳትደውል «ሞቷል» ብላ ሞላችው።

ጥናቱ ሲያልቅ፣ የተሠራ ሰው ሁሉ በወጣ በሳምንቱ እንዲደወልለት ተወሰነ። ሐኪሙ የውሳኔውን ደብዳቤ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው! መደወሉንም እርስዎ ይምሩልን።»

«እሰየው ዶክተር። እኔን ግን ይተዉኝ፤ ከእንግዲህ አንጀቴ አይችልም።»

አሁን የወሊድ ካርዶችን ትመዘግባለች። ባልደረቦቿ ቀልዱን ትተውታል። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ፣ ያኔ ስትደውል በነበረበት ሰዓት፣ መጋረጃውን ትስብና፣ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳደረገች፣ ሳትጽፍ ትቀመጣለች።