ኤግበርት አንዴ የተቀመጠባት ወንበር

ኤግበርት ታሎክ ከማያሚ በሚነሣ የመዝናኛ መርከብ ላይ እስኪሸብት ሲሠራ በእንግዳ በረንዳ ላይ የተቀመጠው አንዴ ብቻ ነው። እሷንም ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያሳለፋት። ስለዚህ ባሕሩን አንድም ቀን ተቀምጦ አላየውም ብል አልዋሸሁም።

የአንድ አገር ልጆች ነን። እሱ የጃማይካዋ ባፍ ቤይ ልጅ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚያው አጠገብ የሆፕ ቤይ። ላይ ጎን ለጎን ካቢን፣ ማለትም የእንግዳ መኝታ ክፍል፣ እናጸዳለን፣ ታች ከባሕሩ ወለል በታች ደግሞ በአንዲት ጠባብ ክፍል እሱ ከታችኛው አልጋ፣ እኔ ከላይኛው እንተኛለን። በክፍላችን ውስጥ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ጫማችንን የምናስረው አልጋው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለን ነው። ኤግበርት ጫማውን አስሮ ቀና ሲል ከጉሮሮው የምትወጣውን ድምፅ የምሰማት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወገቡ አልቆ ነበር። ዕድሜ ልኩን ፍራሽ ሲያነሣ፣ አልጋ ሲገፋ፣ ሻንጣ ሲጎትት ኖሮ አለቀ። የመርከቡ ሐኪም ይህን ካወቀ ለሥራ ብቁ አይደለም ብሎ በሚቀጥለው ወደብ ያራግፈዋል። የተራገፈ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይሳፈርም። ኤግበርት ሌላ ሙያ የለውም፣ የመጨረሻ ልጁ ኪንግስተን ነርስነት እየተማረች ነበር፣ ቤቱም የሚተዳደረው በሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዩኒፎርሙ ሥር ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ጠፍሮ፣ ለእንግዳ ሁሉ ፈገግ እያለ ይውላል። ፈገግታው ጥርስ ነክሶ መሆኑን እንግዶቹ አያውቁም፤ ቢያውቁም ግድ የሚሰጣቸው አይመስለኝም።

ሌላም ነገር ነበረበት። ሚስቱ ኢኔዝ ቤታቸው ፊት ለፊት በረንዳ አሠርታለች፤ ወንበር ግን የለውም። «ከመርከቡ አንዷን አመጣልሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላታል። መርከቡ ለዕድሳት ፍሪፖርት ወደብ ሲገባ አሮጌው ዕቃ ስለሚጣል፣ ሠራተኛ አስፈቅዶ የወደደውን ይወስዳል። ኤግበርት የሚመኛትን ወንበር ከመረጠ ቆይቷል።

ወንበርም አለ፣ ወንበርም አለ። የተራው ካቢን በረንዳ ላይ ያለው ቀጥ ያለ፣ መረብ የተወጠረበት ነው፤ ትንሽ የተቀመጠበት ሰው ሲነሣ ጭኑ ላይ የመረቡ ቀዳዳ ታትሞ ይታያል። ውስጥ ያለው ሶፋ ማታ ማታ አልጋ ስለሚሆን መሐሉ ላይ ብረት አለው። የሀብታሞቹ በረንዳ ላይ ያሉት ግን ወደ ኋላ የሚንጋለሉ፣ እግር ማሳረፊያ ያላቸው፣ ወፍራም ፍራሽ የለበሱ ናቸው። ፍራሹ የባሕሩን እርጥበት እንዳይጠጣ ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል። ኤግበርት ፍራሹን ሲዘረጋ በመዳፉ ጫን፣ ጫን እያደረገ ይሞክረዋል። በመዳፍ ነው እንጂ መቀመጥማ ክልክል ነው! በእንግዳ ዕቃ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ሻንጣውን ያዘጋጅ።

ከእንግዶቹ መሐል ሚስስ ሃልኮም የምትባል የታምፓ ከተማ መበለት ነበረች። ከቤቷ ይልቅ መርከብ ላይ የምትውል የምታድር፣ ካፒቴኑ ሳይቀር በስሟ የሚጠራት ቋሚ ደንበኛ ናት። ደግ ሴት ነበረች። ይህን የምለው ልሰድባት ብዬ ነው።

«ኤጊ፣ የኔ ማር!» አለችው፣ በተሳፈረች በማግስቱ። ኤጊ ያለችው እሷ ናት፤ እኛ እንዲህ ብለነው አናውቅም። «ይቺን ወንበር ተመልከትልኝ። ቀጥ! ቤተ ክርስቲያን ያለሁ ነው የሚመስለኝ። እኔ የመጣሁት ለዕረፍት ነው ወይስ ለቅጣት?»

«እመቤቴ፣ የዚህ ክፍል ወንበር ይኸው ነው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እላይ ጓደኛዬ ጋ ግን እግር ማሳረፊያ ያላት ነበረች። ለኔ ለአሮጊቷ አንድ አትጠፋም፣ አይደል?» ብላ ዓይኗን ጠቀሰችው።

እዚህ ላይ የሥራችንን ወግ ልናገር። አስተናጋጆች በጠዋት፣ እንግዳ ሳይነሣ፣ ከባዶ ካቢን በረንዳ ወንበር አንሥተን ለጠየቀን እንግዳ እናቀብላለን፤ ጉዞው ሲያልቅ እንመልሳለን። አለቆቹም ይህን ያውቃሉ፣ ግን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ይደረጋል እንጂ አይወራም። እንግዳውም አፉን ይዘጋል፤ ቢያንስ እኛ እንዲያ መስሎን ነበር።

ኤግበርት ወንበሯን ሊያወርድላት መሆኑን ሲነግረኝ፣ «ወገብህስ?» አልኩት።

«ወገቤ ምን ሆነ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ላይ ደግሞ አትቀልድ! ተው፣ እኔ ልሸከመው።»

«ሁለት ሆነን ከታየን ሁለታችንም አለቀልን። ደግሞ ሴትዮዋ ቅር ካላት ለስታቭሮስ ትናገራለች፣ ስታቭሮስ ይጠራኛል፣ አካሄዴንም ያያል። እሱ አካሄዴን ባያይ ነው የሚሻለኝ፣ ሊንቫል።»

ስታቭሮስ የመርከቡ የሆቴል ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛ የሚቀጥረውም የሚያባርረውም እሱ ነው። ኤግበርት ከሱ ዓይን ለመሸሽ ብሎ ያንን የብረት ክምር ከላይኛው ፎቅ በጀርባው አወረደው። አሳንሰሩ በቁርስ ጋሪ ተጨናንቆ ስለነበር በሠራተኛ ደረጃ ነው የወረደው። የመጨረሻው እርከን ላይ «ከወገቤ አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ» አለኝ። ወንበሯን ግን አልጣላትም፤ በረንዳው ላይ አስቀምጦ፣ ፍራሿን አልብሶ፣ ሚስስ ሃልኮም ስትነሣ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። እሷም ጉንጩን ሳመችው።

በማግስቱ ኮዙሜል በምትባል ደሴት ቆምን። እንግዶቹ ወደ ከተማ ወረዱ። ኤግበርት የሚስስ ሃልኮምን ካቢን ጨርሶ፣ እንደ ልማዳችን ለእንግዳ ማስደሰቻ ፎጣ አጣጥፎ ዝሆን ሠርቶ አልጋዋ ላይ አስቀምጦ፣ የወንበሯን ፍራሽ ሊያስተካክል በረንዳው ላይ ጎንበስ አለ። ቀና ማለት አቃተው። የሚይዘው ነገር አጣ፤ ከፊቱ ያለችው ወንበሯ ብቻ ናት። ተቀመጠ። ሕመሙ እስኪበርድለት ዓይኑን ጨፈነ፤ በዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

ሴትዮዋ ሙቀቱ ከብዷት ቀድማ ተመለሰች።

«ኤጊ!»

ሊነሣ ሲሞክር በጉልበቱ ወደቀ።

«ኧረ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ! እንዴት ታምራለህ ተኝተህ!»

«እመቤቴ፣ እባክዎ፣ ለማንም እንዳይናገሩብኝ። እንጀራዬ ነው።»

«ለማን ልናገር ብለህ? በኔና ባንተ መሐል ነው» አለችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከመቀስቀሷ በፊት ፎቶ ማንሣቷን ግን አልነገረችውም።

በጉዞው የመጨረሻ አመሻሽ ለቋሚ ደንበኞች ግብዣ ይደረጋል። እኛም ንጹሕ ዩኒፎርም ለብሰን ግድግዳውን ተደግፈን እንሰለፋለን፤ እንግዶቹ አጨብጭበውልን እንበተናለን። የዚያን ዕለት ካፒቴኑ የመርከቡ የክብር እንግዳ ብሎ ማይክሮፎኑን ለሚስስ ሃልኮም ሰጣት። እሷ ደግሞ ስልኳን ሙዚቃና ምስል ለሚያስተናግዱት ልጆች አስቀድማ ሰጥታ ኖሯል። ከበስተኋላዋ ያለው ትልቅ የምስል ሰሌዳ በራ።

ኤግበርት ነው። ተንጋልሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጫማውን የእግር ማሳረፊያው ላይ ሰቅሎ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ይህ የኔ ኤጊ ነው!» አለች። «ወንበሬ አልተመቸኝም ስለው ከላይ ከሀብታሞቹ በረንዳ ሰርቆ አመጣልኝ። ምቾቷን ደግሞ እዩልኝ፣ እሱንም አሸነፈችው! ካፒቴን፣ ይህን ሰው ሹሙልኝ!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ስታቭሮስ ነበር፤ እኔ የማየው የሱን እጆች ነው። «ኤጊ! ኤጊ!» እያሉ ሲጠሩት ኤግበርት ከሰልፉ ወጥቶ እጅ ነሣ። ጎንበስ አለና ቀረ። ቀና ማለት አልቻለም። ሰዎቹ ሆን ብሎ የሚያስቃቸው መስሏቸው ጭብጨባውን አባሱት። እኔ ሄጄ በብብቱ ይዤ አቃናሁት፤ ለኔም አጨበጨቡልኝ። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ጠዋት ማያሚ ስንደርስ ስታቭሮስ አስጠራው። ብቻውን መሄድ ስላልቻለ ደግፌ አስገባሁት።

«ሚስተር ታሎክ» አለው፣ «የእንግዳ ዕቃ ያለ ፈቃድ አንቀሳቅሰሃል። ተቀምጠህበታል። ተኝተህበታል።»

«ጌታዬ፣ ወገቤ ነው። ወንበሯን ስሸከም ተጎዳሁ። ሐኪም ይየኝ።»

«ወገብህን? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ ጀምሮ ያመኛል።»

«ከድሮ? አንድም ቀን አመመኝ ብለህ ሐኪም ጋ ሄደህ አታውቅም እኮ!»

ኤግበርት ስንት ዘመን ደብቆ ደብቆ፣ አሁን አውጥቶ ሊያሳየው ሲል የሚያምነው አጣ። ስታቭሮስ ፎቶውን ከስልኩ አውጥቶ ፊቱ ላይ ዘረጋለት።

«ወገቡ የታመመ ሰው እንዲህ ይተኛል? እኔ ራሴ እንዲህ ተመችቶኝ ተኝቼ አላውቅም» አለ። ይህን ሲል እሱ የተቀመጠው በቆዳ ወንበር ላይ ነው፤ ኤግበርት ቆሟል።

በዚያው ዕለት ወደ አገሩ አሳፈሩት። ሚስስ ሃልኮም ቀጣዩንም ጉዞ ስለያዘች ከመርከቡ አልወረደችም፤ የሷም ካቢን ለኔ ተሰጠ።

«ኤጊ የታለ?» አለችኝ፣ ወንበሯ ላይ ተንጋልላ። ወንበሯን ማንም አላነሣባትም።

«አገሩ ገብቷል፣ እመቤቴ።»

«ዕረፍት ሰጡት? ጎሽ! የኔ ንግግር ነው፣ አየህ? ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አድርጌው ሰው እንዴት እንደወደደው! ያንተ ስም ማን ነው?»

«ሊንቫል።»

«እሱ ይከብደኛል። ኤጊ ብልህ ቅር ይልሃል?»

«አይለኝም» አልኳት። ምን ልበላት? እኔም የማስተዳድረው ቤት አለኝ።

የዕረፍቴ ጊዜ ሲደርስ ባፍ ቤይ ሄድኩ። ኤግበርት በረንዳው ደረጃ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ኢኔዝ ብሬድፍሩት የምንለውን የተጠበሰ የዛፍ ፍሬና ዓሣ አቀረበችልኝ፤ ለሱ አላቀረበችለትም። ገና አንድ ጉርሻ ሳልጎርስ ስልኳን አወጣች። ፎቶውን ልጃቸው ኪንግስተን ሆና ከፌስቡክ አግኝታ ልካላታለች።

«አንተ አብረኸው ነበርክ፣ ሊንቫል። በል ንገረኝ። ስደውልለት 'ደክሞኛል ኢኔዝ'፣ 'ወገቤ ኢኔዝ' ይለኛል። እኔ እዚህ ልጆቼን ለብቻዬ ሳሳድግ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ለብቻዬ ስወጣ፣ ሰውዬው እንዲህ ተጋድሞልሃል!»

«አንዴ ብቻ ነው የተቀመጠው፣ ኢኔዝ። በእናቴ! ወገቡ ተሰብሮ ነው።»

«አንተማ ጓደኛው ነህ፣ ምን ልትል ኖሯል?» ወደሱ ዞረች። «ለኔ አመጣልሻለሁ ያልከኝ ወንበር ይቺ ናት?»

ኤግበርት ስልኩን አላየም።

«እሷ ነበረች» አላት።

«ትመቻለች?»

እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፦

«እንጃ፣ ኢኔዝ። ተኝቼ ነበር።»

ኢኔዝ ሳቀች። ከአጥሩ ማዶ ልብስ ወደምታሰጣው ጎረቤቷ አንገቷን አስግጋ፣ «ሰማሽልኝ? ትመቻለች ወይ ስለው ተኝቼ ነበር አለኝ!» አለቻት። ጎረቤቷም ሳቀች። ኤግበርት ወደ አጥሩ ዞረና መርከብ ላይ ለእንግዶቹ ያደርግ እንደነበረው ፈገግ አለላት።