ያልፈለጥሁት ጠርብ

የታሰርንበት ቤት ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ጣልያን ቡሬ ሲገባ ነጋዴው ሸሸ፤ የበርበሬው ሽታ ግን ከግድግዳው ጭቃ አልወጣም። ገና በሩን ስናልፍ ማስነጠስ ጀመርን። ወታደሩ ሳቀብን። የሁላችንም ዓይን ቀኑን ሙሉ ስለሚያነባ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን እንደማያለቅስ አይለይም ነበር። እኔ አላለቀስሁም። እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማኝም።

አምስት ነበርን፤ አምስታችንም እንጨት ጠራቢዎች። ከየገበያውና ከየደብሩ ለቅመው ያመጡን በአንድ የጠመንጃ ሰደፍ ምክንያት ነው። ከአርበኞች በተማረከ ጠመንጃ ላይ፣ የተሰበረው ሰደፍ በአዲስ ዋንዛ ተተክቶ ተገኘ። የጣልያኑ ሹም የሠራውን ሰው ፈለገ። የሠራሁት እኔ ነኝ። አርበኞቹ ስላጣደፉኝ በጠርሙስ ስባሪ ሳልፍቀው ነው የሰጠኋቸው፤ የመጥረቢያዬ ፈለግ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሮ ይታይበታል።

ይህን ለአራቱም ነገርኋቸው። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ የስንቱን ደብር በር የጠረቡ ሽማግሌ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር።

«ነገ ግንድ ሰጥተው ጥረቡ ሊሉን ነው አሉ» አለ ከአምስታችን አንዱ፣ የጅጋው ሰው። «ሥራው ከሰደፉ የገጠመ አለቀለት።»

«እንግዲያማ ሁላችንም ማበላሸት ነዋ!» አለ ሌላው።

ተስማማን። ሽማግሌው ብቻ መዳፋቸውን ያዩ ነበር።

«እርስዎስ አባባ?» አልኋቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ። እጄን አልጠየቅሁትም።»

«ማበላሸት ምን ይከብዳል?» አለ የጅጋው ሰው።

«መቁረጥ ቀላል ነው» አሉ። «መፍለጥም ቀላል ነው፤ እንጨቱ ራሱ ያግዝሃል። መጥረብ ግን ትርፉን አንሥቶ የሚፈለገውን ማስቀረት ነው። ድንጋይም ይጠረባል፣ ሰውም ይጠረባል። እኔን አባቴ በአርጩሜ ጠርቦኛል። በዚህ ዕድሜዬ ጠማማ ሥራ ከየት ላምጣ?»

ሳቅን። እያስነጠስን ሳቅን።

በማግስቱ ቀትር ላይ ግቢው ውስጥ ለየአንዳንዳችን የዋንዛ ግንድና መጥረቢያ ሰጡን። ወታደሮች ጠመንጃ ደግነው ከበቡን። እኔ መጥረቢያ ይዤ እንደማላውቅ ሆንሁ። ስጨርስ ግንዴ ውሻ ያኘከው አጥንት ይመስል ነበር። የሦስቱም ያው ነው።

ሽማግሌው ኩታቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ አኖሩ። አማተቡ። በግንዱ ጫፍ በአንድ ዓይናቸው አሻግረው አዩና ጀመሩ። ምቱ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። የሚወድቀው ፍቅፋቂ እንኳ እኩል እኩል ነበር። ግንዱ ዓይኔ እያየ ጉንጭ የሚያስደግፍ ጠርብ ሆነ። ተናደድሁ። ኩራትዎ ይገድልዎታል እኮ፣ አልሁ በልቤ።

ሹሙ ሰደፉን አምጥቶ ከጠርቡ ጎን አስቀመጠው። አስተርጓሚው «አንተ ሽማግሌ፣ ይኸ ሰደፍ የማን ሥራ ነው?» አላቸው።

ሽማግሌው ሰደፉን አንሥተው ፈለጉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አንድ ጊዜ ብቻ ወደኔ አዩ።

«የኔ ቢሆን አላፍርበትም» አሉ።

አስተርጓሚው «ቢሆን» ያሏትን ትቶ መሰለኝ፣ በጣልያንኛ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ። እጃቸውን የኋሊት አስረው ወሰዷቸው። ዐሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ለወጥ ቤቱ ማገዶ አስፈለገና ግንዶቹን እንድንፈልጥ ታዘዝን። አራታችንም የየራሳችንን ፈለጥን። የሽማግሌው ጠርብ ለኔ ደረሰ።

«ፍለጠው!» አለኝ ወታደሩ።

«ይኸ ተጠርቧል። የተጠረበ አይፈለጥም።»

በጠመንጃው ትከሻዬን መታኝ። ተነሥቼ ያንኑ ደገምሁለት። ደግሞ መታኝ። ደግሜ ተነሣሁ። ሦስተኛ አልመታኝም፤ ጠርቡን ራሱ ጎትቶ አጥሩ ሥር ጣለው።

እኛን ከሳምንት በኋላ ለቀቁን። ሽማግሌው አልተመለሱም። መቃብራቸውን የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አሁን የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ከቤቴ በታች ባለው ሜዳ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እግር ለእግር ይጠላለፉና «ጠረበኝ! ጠረበኝ!» እያሉ ይጮሃሉ። በሰማሁት ቁጥር ዞር እላለሁ።

በማኅበር ቀን ሰዎች የጠርቡን ነገር ንገረን ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ፤ ትከሻዬንም አሳያለሁ። «አይ ወንድ!» ይላሉ። ሰደፉ የማን ሥራ እንደነበር ግን ዘልዬ ነው የማወራላቸው። ሽማግሌው እንደዚያ የጠረቡት እጃቸው እንቢ ብሏቸው ይሁን ወይስ ለኔ ብለው፣ አላውቅም። ያን ቀን ሁለት ጊዜ እየተመታሁ ስለ አንድ እንጨት ተከራከርሁ። ስለ ሰውየው ግን አንዲት ቃል አልወጣኝም።